ለየትምህርት ቤቱ አንድ የንባብ ማማ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ስለ ዛፍ ላይ ቤት ነው። «መምህር ልንሆን መጥተን ስለ ወፍ ጎጆ ልናወራ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ ግን አጥብቄ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው በአውሮፓና በአሜሪካ በዛፍ ላይ ቤት መሥራት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የከተማ ጫጫታ የሰለቸው ሰው ጥቂት ቀን በቅጠል መካከል ዐርፎ ለመመለስ ሲፈልግ፣ አቅም ካለው እንደ ምርጫው ያሠራል፤ ከሌለው ደግሞ የተሠራውን ባዳር ይከራያል። አናጢዎቹም የዛፉን ዓይነት፣ የግንዱን ውፍረትና የነፋሱን ኃይል አጥንተው ነው ሥራ የሚጀምሩት። «ይህ የጠገቡ ሰዎች ቅንጦት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማረፊያ መሥራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በመኸር ወራት ከደብረ ታቦር ደጋ ወርዶ በይፋግ በኩል ያለፈ ሰው በማሽላው መካከል ቆሞ የሚያየው ምንድን ነው? ማማ አይደለም ወይ?

ማማን የማያውቅ የከተማ ልጅ ቢኖር ባጭሩ ልግለጽ። አራት ባላ እንጨት ይተከላል። በባላዎቹ ላይ ወፍራም አግዳሚ ይጋደማል፤ በአግዳሚው ላይ ቀጫጭን እንጨት ይረበረብና ሣር ወይም አገዳ ይነጠፍበታል። ከላይ ፀሐይና ዝናብ የሚከልል ክዳን ይደረግለታል። ማሰሪያው ልጥ ወይም ሐረግ ነው። በማሳው ዳር ጥሩ ዛፍ ከተገኘ ደግሞ ቅርንጫፉ የባላውን ሥራ ይሠራል። ጠባቂው እዚያ ላይ ሆኖ ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይከላከላል። መሣሪያው ወንጭፍ፣ ጅራፍና የገዛ ጉሮሮው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ከዚህ ማማ ላይ ወርደው የሚመጡ ናቸው። ማሽላው የሚያሸተው ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። ዛሬ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ የተስፋፋው ሩዝም ቢሆን ወፍ ጠባቂ ይፈልጋል። ከዚህም የተነሣ በጥቅምትና በኅዳር መምህሩ ስም ሲጠራ «የለም፤ ጥበቃ ላይ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። መምህሩ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ልጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰነፍ ይባላል። ማማውና ትምህርት ቤቱ ጠላት ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው። እኔ ግን ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የፈረንጁ የዛፍ ላይ ቤትና የእኛ ማማ ከሩቅ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ። በሁለቱም ላይ የተቀመጠ ሰው ከመሬት ከፍ ብሏል፤ ነፋስ ያገኘዋል፤ አገር በሙሉ ይታየዋል። ዳሩ ግን አንደኛው ለማረፍ የወጣ ነው፤ ሁለተኛው ቢያርፍ እህሉ ያልቃል። ማማ ላይ ያለ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ቢወጣ እንኳ ገና ሁለት መስመር ሳያነብ ወፉ ይወርድበታል። ስለዚህ ቦታን የዕረፍት ቦታ የሚያደርገው ከፍታው ወይም ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚወጣበት፣ እዚያም ሳለ ማንም የማይጠራው ሲሆን ነው። የገጠር ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ አለው ወይ? ቤቱ ከታናናሾቹ፣ ከእንግዳና ከጭስ ጋር አንድ ክፍል ነው። ሜዳው የከብት ነው። ክፍሉ የስድሳ ልጅ ነው። ብቻውን ተቀምጦ አንድ ገጽ የሚያነብበት ቦታ የለውም።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ተመልከቱ። ይህ የእኛ አካባቢ የትምህርት አገር ነው፤ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ተማሪ ከሩቅ ሲጎርፍ የኖረበት ነው። ያ ተማሪ እንደ ደረሰ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የገዛ ጎጆውን መቀለስ ነው። ጎጆዋ ትንሽ ናት፤ ቆመው የማይገቡባት ሁሉ ትገኛለች። ነገር ግን የራሱ ናት፤ በዛፍ ጥላ ሥር ናት፤ ቀለሙን የሚያጠናባት ናት። በደቡብ ደግሞ የኮንሶ ሰዎች ሞራ የሚሉት ቤት አላቸው። ታቹ ክፍት ሆኖ ቀን ሰው ይሰበሰብበታል፤ ላዩ ቆጥ መሰል ሆኖ ሌሊት ጎረምሶች ያድሩበታል፤ መንደሩንም ይጠብቁበታል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ሐሳቤ እነሆ። የማማውን አሠራርና የቆሎ ተማሪውን ጎጆ ጸጥታ እናጋባቸው። በየምንመደብበት ትምህርት ቤት ግቢ አንድ የንባብ ማማ እንሥራ። አንድ ጊዜ አራት ወይም አምስት ልጅ ይይዛል። ልጆች በተራ፣ በዕረፍት ሰዓትና ከትምህርት በኋላ ይወጡበታል። ደንቡ ሁለት ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ያለን ልጅ ማንም ለሥራ አይጠራውም፤ እሱም ጩኸት አያሰማም። ለጥበቃ ቀርቶ የመጣ ልጅ ያመለጠውን ትምህርት የሚያካክስበት ሰዓት ደግሞ ቅድሚያ ይሰጠው።

አሠራሩን በሚመለከት የምናውቀው ማማ በቂ መነሻ ነው፤ ለልጆች ስለሆነ ግን ጥቂት ነገር ይጨመርበታል።

አንደኛ፣ ከፍታው ከአንድ ሰው ቁመት አይብለጥ። ዓላማችን ዝንጀሮ ማየት ስላይደለ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ዙሪያውን እስከ ልጅ ደረት የሚደርስ መከታ ይኑረው፤ መሰላሉም ተደላድሎ ይታሰር።

ሁለተኛ፣ ሸክሙን ዛፉ ላይ አንጣል። ባላዎቹ በመሬት ቆመው ዛፉ ጥላውን ብቻ ይስጠን። ምክንያቱም የዛፍ ሕይወት ያለው ከልጡ አጠገብ ነው፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በዚያ ነው። ግንዱን ዙሪያውን በሽቦ ብናንቀው ዛፉ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦው ይሰምጥበትና ቀስ በቀስ ይደርቃል። ሁለት ዛፍን በአንድ አግዳሚ አጥብቆ ማያያዝም አይበጅም፤ ነፋስ ሲመጣ ሁለቱ ባንድነት አይወዛወዙም፤ ወይ ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ወይ እንጨቱ ይሰበራል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን ተምረው ነው በብዙ ሚስማር መቸንከሩን ትተው ለዚሁ የተሠራ አንድ ወፍራም ብሎን ወደ መጠቀም የሄዱት።

ሦስተኛ፣ ምስጥን አንርሳ። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ቀጥ ያለም ነው፤ መሬት የገባው ክፍሉ ግን ቶሎ ይበላል። እግሩን በእሳት ለብለብ አድርጎ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶ መትከል ዕድሜውን ይጨምራል። ወይራና ጽድ ይበልጥ ይጸናሉ፤ ነገር ግን ለዚህ ሲባል አንድ እንኳ ወይራ እንዳይቆረጥ አደራ!

አራተኛ፣ ሥራው ራሱ ትምህርት ይሁን። ገመድን በእኩል ዐሥራ ሁለት ቦታ ከፍሎ 3፣ 4 እና 5 አድርጎ ቢወጥሩት ቀጥ ያለ ማዕዘን ይወጣል፤ ልጆች የፓይታጎረስን ሕግ ከሰሌዳ ይልቅ በእጃቸው ይይዙታል። አራት ማዕዘን የሆነ እንጨት ሲገፉት ለምን እንደሚዘም፣ አንድ ሰያፍ ደጋፊ ገብቶበት ሦስት ማዕዘን ሲሆን ለምን እንደሚጸና ያያሉ። በዛፉ ግንድ ላይ በራሳቸው ቁመት ልክ ቀለም ይቀቡና ከዓመት በኋላ ይመልከቱት፤ ልጆቹ ያድጋሉ፣ ምልክቱ ግን በነበረበት ከፍታ ይቆያል። ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፉ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የሳይንስ መሣሪያ ከየት ይመጣል? እኔ በበኩሌ በዚህ ሥራ መሐንዲስ እንዲሆን የምመርጠው ያንኑ «ቀሪ» እየተባለ የሚጻፈውን ልጅ ነው። ባላ መምረጥና ልጥ ማሰር ከማናችንም ይልቅ እሱ ያውቃል። አንድ ቀን በክፍል ጓደኞቹ ፊት የሚያውቀውን ቢያሳይ ምን ይሰማው ይመስላችኋል?

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ልጅ ቢወድቅስ?» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ነው ከፍታውን ዝቅ፣ መከታውን ጠንካራ፣ ቁጥሩን ጥቂት ያልኩት፤ ተረኛ መምህርም ሳይኖር አይወጣበትም። «ገንዘብ የለም» ለሚሉ፣ ወላጆች ከየቤታቸው አንዳንድ እንጨት ቢያመጡ ይበቃል፤ ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። «ማማ የሰለቸውን ልጅ እንደገና ማማ ላይ?» የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። መልሴ ግን፣ ልጁን የሰለቸው ወንጭፉ እንጂ ነፋሱና ጥላው አይደለም የሚል ነው።

የቀረው ትልቁ ጥያቄ «ዛፉ የት አለ?» የሚለው ነው። በርግጥም ብዙው የትምህርት ቤት ግቢ ባሕር ዛፍ ካልሆነ በቀር ጥላ የለውም። አንዳንዱ ሰው ዐይኑን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ይጥላል። እንዲያውም «በደኑ ውስጥ የዛፍ ላይ ማረፊያ ቢሠራ ቱሪስት ይመጣል» ሲባል ይሰማል። ይህንን እቃወማለሁ። የጎረቤታችንን የኬንያን ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1932 በአበርዴር ጫካ፣ «ትሪቶፕስ» የተባለ ማረፊያ በትልቅ ሙጉሞ ዛፍ ላይ ተሠራ። ሙጉሞ ለኪኩዩ ሕዝብ የተቀደሰ ዛፍ ነው። የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1952 አባቷ ሞቶ ንግሥናው ሲተላለፍላት እዚያው ነበረች። በ1954 ግን የማው ማው ታጋዮች ቤቱን አቃጠሉት። መሬቱን የተቀማ ሕዝብ ባለበት፣ በሚያከብረው ዛፍ ላይ የሌላ ሰው መዝናኛ ሰላም አያገኝም።

ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በአካባቢያችን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። ካሳዩት ነገር አንዱ፣ ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላና ስለሚረግጥ አሮጌው ዛፍ ተተኪ እያጣ መሆኑን ነው። ከእሳቸው ጋር የሠሩት አሜሪካዊቷ ዶክተር ማርጋሬት ሎማን በዓለም የታወቁት በዛፍ ጫፍ ላይ የሚኬድበት ድልድይ በማሠራት ነው። ታዲያ እኒህ ሴት እዚህ መጥተው ድጋፋቸውን ያዋሉት በምን ላይ ነው? በመሬት ላይ በሚቆም የድንጋይ አጥር ላይ! እንደ ዣራና ደብረ ሰና ባሉ ቦታዎች ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ ደኑን አጠረ፤ እርሻውም ጸዳ፣ ችግኙም ከከብት ዳነ። የዛፍን ጫፍ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ከሥሩ ከጀመረ፣ እኛም ቅደም ተከተሉን ልንማር ይገባል።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ለባለቤቶቹና ለጸሎቱ እንተወው። በየትምህርት ቤቱ የራሳችንን ዋንዛ፣ ግራርና ወይራ እንትከል፤ ከፍየል እንጠር። ጥላው እስኪደርስ ድረስ ማማው የሣር ክዳን ይበቃዋል። እኛ ወደ ሌላ ቦታ ብንዛወር እንኳ ከኋላችን የሚመጣው መምህር በጥላው ሥር ያስተምራል።

ለመጀመሪያ ያህል በዚሁ በተቋማችን ግቢ አንድ ማማ ለሙከራ እንዲሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሂሳብና የሳይንስ መምህሮቻችን ንድፉን ቢያርሙልን፣ ከይፋግና ከፎገራ የመጣችሁ እጩ መምህራን ደግሞ ባላውን ብትመርጡልን፣ ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ሊቆም ይችላል። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉት። የምትደግፉ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ገጀራና ገመድ ይዛችሁ ኑ።