ቅዱሳኑ ሥልጣን ሲይዙ ምን ጻፉ?

ስለ ፒዩሪታኖች ሲነሣ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። አንዱ ወገን «እንደ እነርሱ የጸለየ፣ እንደ እነርሱ ቃሉን ያጠና ከወዴት ይገኛል!» ይላል። ሌላው ፊታቸው የማይፈታ፣ ሣቅ የሚያስጠላቸው ሰዎች አድርጎ ያስባቸዋል። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። እኛ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እነዚህ አማኞች አገር በእጃቸው በገባች ጊዜ ምን ጻፉ? ከእጃቸው በወጣች ጊዜስ?

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1642 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ። ፒዩሪታኖች፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከቀድሞው ሥርዓት ቅሪት ጠርታ በቃሉ እንድትመራ የሚሹ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከፓርላማው ጎን ቆሙ። ፓርላማው አሸነፈ። በ1649 ንጉሡ በአደባባይ አንገቱ ተቀላ፤ አገሪቱም እስከ 1660 ያለ ንጉሥ ቆየች። የኦሊቨር ክሮምዌል ሠራዊት በ1650 ደንባር ላይ ድል ሲቀናው እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ቆሞ ከመዝሙራት ሁሉ አጭሩን ዘመረ። ይኸው የክሮምዌል ጦር ግን ከአንድ ዓመት በፊት በአየርላንዷ ድሮኼዳ ከተማ የተሸነፉትን ወታደሮች፣ ቀሳውስትም ሳይቀሩ፣ ፈጅቶ ነበር። ሁለቱን ታሪኮች ለያይቶ መተረክ ተገቢ አይመስለንም።

ዊልያም ፕሪን የሚባል የሕግ ሰው ነበረ። ቲያትርን የሚኮንን ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ንግሥቲቱን ዘልፏል ተብሎ በ1634 ጆሮዎቹ ተቆረጡ። በ1637 ደግሞ በጳጳሳቱ ላይ ጻፈ ተብሎ የቀረው የጆሮው ጉማጅ ዳግመኛ ተቆረጠ፤ ጉንጩም በጋለ ብረት ተተኮሰ። በዘመኑ ፒዩሪታኖችን ያሳድዱ የነበሩት ዋናው ሰው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ ናቸው። ቀን ተለወጠና ሎድ በተራቸው ለፍርድ ቀረቡ። ማስረጃውን የሰበሰበውና ክሱን ያደራጀው ማን ሆነ? ፕሪን። ሎድ በ1645 ተሰየፉ። በዚያው ሰሞን ብዙው ሕዝብ ሲጸልይበት የኖረው የጸሎት መጽሐፍ ታገደ። ቲያትር ቤቶች ከ1642 ጀምሮ ተዘግተዋል፤ በ1647 የገናን በዓል ማክበርም ተከለከለ። ጆሯቸው የተቆረጠባቸው ሰዎች ለሌላው ጆሮ መስጠት አቃታቸው ብንል ይበዛብን ይሆን?

የኅትመቱም ነገር እንዲሁ ነው። የንጉሡ የጭቆና ፍርድ ቤት በ1641 ሲፈርስ የማተሚያ ቤቶች ልጓም ተፈታ። ጆርጅ ቶማሰን የተባለ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ከ1640 እስከ 1661 ባሉት ዓመታት 22,000 ያህል በራሪ ጽሑፎች፣ ጋዜጦችና መጻሕፍት ሰብስቧል። ብዙው ስድብና የስድብ መልስ ነው። ፓርላማው ደነገጠና በ1643 ያለ ፈቃድ ምንም እንዳይታተም አዘዘ። ይህን ትእዛዝ የተቃወመው ከራሳቸው ወገን የሆነው ጆን ሚልተን ነበር። በ1644 ያወጣው ጽሑፍ «አሬዮፓጊቲካ» ይባላል፤ ስሙ ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች የተናገረበትን አርዮስፋጎስን ያስታውሰናል። መጽሐፍን ገና ሳይታተም በሳንሱር ማፈን አማኙን ክፉና ደጉን መለየት እንደማይችል ሕፃን መቁጠር ነው ሲል ተከራከረ። ፓርላማው አልሰማውም። (ሚልተንም ቢሆን ይህን ነጻነት ለካቶሊኮች አልፈቀደም።)

በዚያ ጩኸት መካከል ግን ሌላ ዓይነት መጻሕፍት ተወለዱ። ሪቻርድ ባክስተር የፓርላማው ጦር ሰባኪ ነበር። በከባድ ሕመም ወድቆ ሞቱን ሲጠብቅ ቅዱሳንን ስለሚጠብቃቸው የዘላለም ዕረፍት ለገዛ ነፍሱ መጻፍ ጀመረ፤ በ1650 ታተመ። በዚያው ዓመት የንጉሡ ወገን የነበረው ቄስ ጄረሚ ቴይለር፣ ደብሩን አጥቶ ዌልስ ውስጥ በሰው ቤት ተጠግቶ ሳለ፣ ስለ ቅዱስ አኗኗር የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ። በጦር ሜዳ ጠላት የነበሩ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ከሕመም አልጋ፣ ሌላው ከጥገኝነት ቤት ጻፈ። ዛሬ አንባቢ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል።

በ1660 ንጉሣዊው አገዛዝ ተመለሰ። ሚልተን ያኔ ዓይኑ ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ለክሮምዌል መንግሥት በጸሐፊነት ስላገለገለ ተሸሸገ፤ መጻሕፍቱ በይፋ ተቃጠሉ፤ ለጥቂት ጊዜም ታሰረ። ከዚያ በኋላ በጨለማው ውስጥ ሆኖ፣ አጠገቡ ለተገኘ ሁሉ እየነገረ በማስጻፍ «የጠፋችው ገነት»ን ጨረሰ። በ1667 ሲታተም እጁ የገባው 5 ፓውንድ ነው፤ የመጀመሪያው ኅትመት ሲያልቅ ሌላ 5 ተጨመረለት። እኛን የሚያስደንቀን በግጥሙ ውስጥ አጋንንት የሚያካሂዱት ሸንጎ ነው። ንግግር ያሳምራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይወስናሉ። ሚልተን በመንግሥት ምክር ቤት አጠገብ ዓመታት ስላሳለፈ ያማረ ንግግር ምን ሊሸፍን እንደሚችል ያውቃል። ሆኖም ለትምህርተ ሥላሴ ብላችሁ አታንብቡት፤ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተገኘው የነገረ መለኮት ድርሰቱ ስለ ወልድ የሚያስተምረው ከእኛ እምነት የራቀ ነው።

ጆን ቡንያን ግን የኛ ሰው ነው፤ የተሰነጠቀ ድስት እየዞረ የሚጠግን፣ ትምህርቱ ትንሽ፣ በጉብዝናው በፓርላማው ጦር ያገለገለ። ያለ ፈቃድ በመስበኩ በ1660 ታሰረ። አልሰብክም ብሎ ቃል ቢገባ ይለቀቅ ነበር፤ እምቢ አለ። 12 ዓመት ቤድፎርድ እስር ቤት ተቀመጠ፤ የማሰሪያ ክር እየሠራ ቤተሰቡን ረዳ። ሚስቱ ኤልሳቤጥ በ1661 ዳኞቹ ፊት ቀርባ አራት ትንንሽ ልጆች እንዳሉባት፣ አንዷ ዓይነ ስውር እንደ ሆነች፣ በሰው ምጽዋት እንደሚኖሩ ተናገረች። ከዳኞቹ አንዱ ማቴዎስ ሄል አዘነላት፤ ባሏን ግን አላስፈታላትም። ስለዚህ «ስደት መልካም ነው፤ መጽሐፍ ያጽፋል» የሚል ሰው ካለ ይህችን ሴት ያስባት። በእነዚያ እስር ቤቶች አንድ መስመር ሳይጽፉ የሞቱም አሉ።

ያም ሆኖ በ1678 የወጣውን የመንገደኛውን የክርስቲያንን ጉዞ ስናነብ አንድ ነገር እናስተውላለን። ቡንያን ባሰሩት ሰዎች ላይ አልተበቀለም። በእርግጥ የከንቱነት ገበያ ዳኛ አለ፤ የታማኝ ፍርድ አለ። ነገር ግን መንገደኛውን ደጋግመው የሚፈታተኑት እንደ እኛ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ጸጋ ቀኑን ሙሉ አውርቶ የማይጠግብ፣ ሃይማኖት ስትከበር ብቻ አብሯት የሚሄድ። ተስፋ መቁረጥ የተባለውም ግዙፍ ወህኒው ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። አሸናፊዎቹ በአዋጆቻቸው ኃጢአትን በሌላው ሰው ቤት ፈለጉት፤ እስረኛው በራሱ ውስጥ አገኘው። ጌታ ስለ ሥጋው መውጊያ ለለመነው ለጳውሎስ የሰጠውን መልስ የምናምን ሰዎች በዚህ መደነቅ አልነበረብንም። እኛም ግን ዛሬ የምንጽፈውና የምንሰብከው አብዛኛው ስለ ድልና ስለ ወንበር ነው።

መጽሐፉ ወደ አማርኛ የመጣው ቀደም ብሎ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በስዊድን ሚሲዮን ሰዎች አማካይነት ነው፤ የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ከእርሱ ጋር ያለውን ዝምድና የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ያነሣሉ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ቡንያን በ1684 ሁለተኛ ክፍል አውጥቷል፤ በእርሱ የክርስቲያን ሚስት ክርስቲያና አራት ልጆቿን ይዛ በዚያው መንገድ ትወጣለች። ጉዞው ዘገም ያለ ነው፤ ልጆች ይደክማሉ፣ አንዱ ይታመማል፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሳይቀር ይጠበቃል። በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ለማንበብ እኛ ይህን እናስቀድማለን።