የጣሪያ ሶላር ስንገዛ የምናወዳድረው ምኑን ነው?

በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በደሴና በጅማ ቤቶች ጣሪያ ላይ ጥቁር የሶላር ፓነል ማየት እየተለመደ መጥቷል። ቀድሞ ሶላር ሲባል የሚታሰበን መብራት ያልገባበት ገጠር ነበር። አሁን ቆጣሪ ያለው ከተሜም ፓነል እየጠየቀ ነው። ሻጩ ዘንድ ሲደርስ የሚጠይቀው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ዋት ነው? ዋጋው ስንት ነው?»

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገን በቅርቡ ያየነው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሪያድ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ ልጃቸው በላከችው ገንዘብ አራት ፓነል፣ አንድ ባትሪና ኢንቨርተር ገዙ። በእያንዳንዱ ፓነል ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት 300 ዋት ይላል፤ በድምሩ 1,200 ዋት መሆኑ ነው። ክረምቱ ሲገባ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ከመግሪብ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ መጥፋት ጀመሩ። ጥፋቱ የባትሪው ነው ተባሉና ሁለተኛ ባትሪ ጨመሩ። ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ፓነሉን በሜትር ለካው። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 67 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግሩን ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠራራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ኃይል ታሳርፋለች። ፋብሪካዎች ፓነል የሚለኩትም በዚሁ መጠን፣ የፓነሉ ሴል ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉ ጥሩ የቤት ፓነሎች ከዚህ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ከ20 እስከ 23 በመቶውን ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል ቢበዛ 230 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። የዚያ ቤተሰብ አንድ ፓነል ስፋቱ 0.67 ካሬ ሜትር በመሆኑ ከ150 ዋት ብዙም ሊያልፍ አይችልም። 1,200 ዋት የተባለው 600 ዋት ነበር ማለት ነው። እውነተኛ የ550 ዋት ፓነል 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ ወደ 27 ኪሎ ይጠጋል። ብብት ሥር ተይዞ የሚሄድ 550 ዋት የለም።

እንግዲህ ፓነል ለማወዳደር የመጀመሪያው መሣሪያ ሜትር ነው። ቁመቱን በወርዱ አባዝቶ በ230 ማባዛት። መለያው ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ከበለጠ ዋጋው የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ተመጣጣኝ አይደለም። በመለያው ላይ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርስ ይስማሙ እንደሆነም ማየት ይቻላል፤ ከፍተኛ ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ ያለው ቮልቴጅና አምፔር ሲባዙ የተጻፈውን ዋት መስጠት አለባቸው። አንዳንዱ አጭበርባሪ ዋቱን ብቻ ይቀይርና አምፔሩን መቀየር ይረሳል። ባለሙያ ይዞ መሄድ የሚችል ሰው ደግሞ በቀትር ፀሐይ በቴስተር አስለክቶ አምፔሩን ከመለያው ጋር ማስተያየት ይችላል።

ማታለሉ አሁን ለምን እንደሚያዋጣ ለመረዳት የዋጋውን ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል። በቻይና ፋብሪካዎች ብዛት የተነሳ የፓነል ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ወርዷል። በ2024 በቻይና ወደብ የአንድ ዋት ዋጋ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ደርሶ ነበር፤ የ550 ዋት ፓነል በ55 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ፓኪስታን በዚያ ዓመት ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓነል ከቻይና አስገብታለች። በመለያ አቅም ይህ ከታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው (ፀሐይ ሌሊት እንደማትሠራ ሳንዘነጋ)። ያን ያህል ፓነል የገባው በአብዛኛው በአንድ ትልቅ የመንግሥት ፕሮጀክት አልነበረም። የመብራት ታሪፍ ያንገሸገሸው ባለቤትና ነጋዴ በየጣሪያው የሰቀለው ነው።

በእኛ አገር ግን ርካሽነቱ በሙሉ ወደ ገዢው አልደረሰም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያም ቻይና በኅዳር 2017 ዓ.ም ለፓነል ላኪዎቿ የምትመልሰውን ታክስ ከ13 ወደ 9 በመቶ ዝቅ አደረገች። በዶላር የረከሰው በብር ተወደደ። ገዢው በስልኩ የዓለምን ዋጋ ያያል፤ ሱቅ ሲገባ ሌላ ዋጋ ይጠብቀዋል። በዚህ መሐል «ለእርስዎ በዓለም ዋጋ» የሚል ሻጭ ሲመጣ ጆሮ መስጠቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ፓነሉ ዓይነት እንምጣ። ሰማያዊ መልክ ያለው ፖሊ የሚባለው ዛሬ በብዛት አይመረትም፤ ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የቆየ ወይም ያገለገለ ዕቃ ነው። ጥቁሩ ሞኖ ሲሆን በውስጡ ፐርክ እና ቶፕኮን የሚባሉ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። ቶፕኮን አዲሱ ነው፤ ሻጮችም ተጨማሪ ዋጋ የሚጠይቁበት ነው። ይህ ተጨማሪ ይገባዋል ወይ? መልሱ እንደምንኖርበት ቦታ ይለያያል። ፓነል በሞቀ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፐርክ በአንድ ዲግሪ ወደ 0.35 በመቶ፣ ቶፕኮን ወደ 0.30 በመቶ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ቆርቆሮ የተጠጋ ፓነል በቀትር 65 ዲግሪ ቢደርስ ከመለኪያው በ40 ዲግሪ ሞቀ ማለት ነው፤ ፐርኩ 14 በመቶ፣ ቶፕኮኑ 12 በመቶ ያጣሉ። በ550 ዋት ላይ ልዩነቱ 11 ዋት ብቻ ነው፤ አንድ አምፖል ያበራል። ቀዝቃዛ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ቶፕኮኑን እንመርጣለን፤ ትልቅ ከሆነ ፐርኩን ያለ ቁጭት እንገዛለን። በሞቃት አካባቢ ከዓይነቱ ምርጫ ይልቅ ፓነሉን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ አየር እንዲያልፍበት ማድረጉ የተሻለ ይጠቅማል።

በሁለቱም ገጽ የሚሠራው ባይፌሻል ፓነልም እንደዚሁ ነው። ነጣ ባለ የኮንክሪት ጣሪያ ላይ ከፍ ተደርጎ ሲሰቀል የጀርባው ገጽ ጥቂት ይጨምራል። ቆርቆሮ ላይ ተጣብቆ ከተሰቀለ ግን ጀርባው ጨለማ ነው፤ ለጨለማ ተጨማሪ ብር አይከፈልም።

«ቲር አንድ ነው» የሚለው የሻጮች ማረጋገጫም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ይህ ስያሜ የመጣው ብሉምበርግ ከሚያወጣው ዝርዝር ሲሆን የሚያሳየው ባንኮች የአምራቹን ፓነል ለተጠቀሙ ፕሮጀክቶች ገንዘብ ማበደራቸውን ነው። የጥራት ፈተና ውጤት አይደለም። ሎንጂ፣ ጂንኮ ወይም ትሪና የሚል ስም ተለጥፎ ስላየንም ፓነሉ የእነርሱ ነው ማለት አይደለም፤ የመለያ ቁጥሩ ለአምራቹ ተልኮ መረጋገጥ ይችላል። ለ25 ዓመት የሚሰጠው የአምራች ዋስትና ደግሞ ዋጋ የሚኖረው እዚህ አገር ውስጥ ተጠያቂ የሚሆን አስመጪ ሲኖር ነው።

ይሁንና ገዢዎች ብዙ ጊዜና ጭቅጭቅ የሚያጠፉበት ፓነል ከዕቃዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለውና በብዙ ሁኔታ ርካሹ ነው። ቤተሰብ የሚከስረው በኢንቨርተርና በባትሪ ነው። መነሻው የቤቱን ፍጆታ መቁጠር ነው። መካከለኛ ፍሪጅ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 0.27፣ ቴሌቪዥን 0.4፣ ዋይፋይ 0.24፣ ስልኮች 0.1 ቢወስዱ ድምሩ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት የቀሪውን ቤት ሁሉ የሁለት ቀን ፍጆታ ይበላል። «ምጣድም ያሠራል» ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ሲስተም ካለ ሻጩ ምጣድ አያውቅም፣ ወይም እኛን ንቆናል። ምጣዱን ለቆጣሪው መተው ነው።

የፀሐይ ሂሳቡ ቀላል ነው። በአዲስ አበባ በዓመት አማካይ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ይገኛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 4 ይወርዳል። ከሚገኘው ሩብ ያህሉ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በገመድና በባትሪ ይባክናል። ሁለት እውነተኛ የ550 ዋት ፓነሎች በክረምት 3.3፣ በሌላው ወቅት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ ማለት ነው። የዚያ ቤተሰብ 600 ዋት ግን በክረምት የሚሰጠው 1.8 ብቻ ነው። የሚፈልጉት 2.2 ነው። ሁለተኛ ባትሪ ምን ሊያደርግ ይችላል? ባዶ ማሰሮ አጠገብ ሌላ ባዶ ማሰሮ ነው።

ኢንቨርተርን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ተደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ትልቁን መግዛት ነው። ርካሽ የ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ ራሱ 50 ዋት ያህል ሊበላ ይችላል፤ በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሌላ ፍሪጅ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ከዱባይ ወይም ከጂዳ ዘመድ የሚልከው ነው። ግሪድ ታይ የሚባለው ኢንቨርተር ዋጋው ደህና ስለሆነ ይገዛል፤ ነገር ግን ይህ ዓይነት የመስመሩ መብራት ሲጠፋ መስመር ላይ የሚሠሩ ሠራተኞችን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ሲባል ራሱን እንዲያጠፋ ሆኖ የተሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዲያበራልን የገዛነው ዕቃ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ባሕር ማዶ ላሉ ልጆቻችን ሲነገር «ባትሪ የሚቀበል፣ ሃይብሪድ ወይም ኦፍ ግሪድ» ተብሎ በግልጽ ይነገራቸው።

ባትሪ ላይም በሳጥኑ የተጻፈውን ሳይሆን ልንጠቀምበት የምንችለውን ነው ማወዳደር ያለብን። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሆነ የጄል ባትሪ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይላል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ መጠቀም አይመከርም። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ80 በመቶ በላይ ይሰጣል፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዙሮችም ያገለግላል። ዛሬ የሚከፈለው ብር ይበልጣል፤ ጄሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲቀየር ግን ሂሳቡ ይገለበጣል።

ይህን ሁሉ ወጪ የመብራት ክፍያ ቁጠባ ይመልሰዋል ወይ? ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እያደገ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል መወሰኑ ብዙዎችን ወደ ሶላር እንዲያዩ አድርጓል። ለስሌት ያህል አንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ነው ብንል፣ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት በዓመት 7,300 ብር ነው። ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ሲስተም ከሚጠይቀው ገንዘብ አንጻር ይህ ትንሽ ነው። በከተማ የሚኖር ሰው «ሂሳቤን አተርፋለሁ» ብሎ ከገዛ ያዝናል። የሚገዛው መብራት የማይጠፋበትን ሌሊት ነው፤ ያልተበላሸ ሥጋ፣ የሚያጠና ተማሪ፣ በጨለማ የማይዘጋጅ ሱሑር። የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመርቆም በየሰፈሩ ያረጀ መስመርና የተጨናነቀ ትራንስፎርመር እስካለ ድረስ ይህ ፍላጎት የሚቀር አይመስለንም። መስመር ባልደረሰበት ገጠርና በጄኔሬተር ናፍጣ በሚነግዱ ቦታዎች ግን ሂሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ሶላር በገንዘብም ያዋጣል።

መስጂዶችም ከቤት ይልቅ ምቹ ናቸው። የውዱእ ውሃ ፓምፕ ቀን በፀሐይ ሮቶውን ከሞላ ማታ ባትሪ አይፈልግም፤ የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ባትሪ ነው። የድምፅ ማጉያና መብራት ትንሽ ባትሪ ይበቃቸዋል። ለመስጂድ ሶላር ገንዘብ የሚያሰባስቡ ወንድሞችና እህቶች መጀመሪያ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ባትሪውን ቢያስቡ የተሰበሰበው ገንዘብ ሩቅ ይሄዳል።

አንድ ሐሳብ እናንሳ። በወለድ መበደር ለማይፈልገው ሰው የሙራባሐ ውል ለዚህ ዓይነት ግዢ ይስማማል፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛል፣ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው በጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ሥራ የጀመሩ ባንኮችም ሆኑ የሌሎቹ ከወለድ ነፃ መስኮቶች እዚህ ላይ ከገንዘብ በላይ ሊሰጡ ይችላሉ። ሻጭ የሆነ አካል የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሆነ የማወቅ አማና አለበት። በብዛት የሚገዛ ባንክ አንድ የተቀጠረ መሐንዲስና አንድ መለኪያ ቢኖረው፣ ብቻውን መርካቶ የሚሄደው አባወራ የማይችለውን ያደርጋል። ፓነሉ አይኢሲ 61215 እና 61730 የሚባሉትን የጥራትና የደኅንነት ደረጃዎች ማለፉንም በሰነድ መጠየቅ ይችላል።

ዋናው ድርሻ ግን የመንግሥት ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ሆነ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ከየሱቁ ፓነል እያነሱ ለክተው ውጤቱን በስም ቢያወጡ ገበያው በአጭር ጊዜ ይጠራል። ዛሬ ያለው ሁኔታ ምን እንደሚመስል ቤተሰቡ አይተውታል። ወደ ሱቁ ሲመለሱ ሻጩ «መለያውን እኔ አልለጠፍኩም» አላቸው። ደረሰኛቸው ላይ የተጻፈው «ሶላር 4» ብቻ ነበር፤ ዋትም፣ ስፋትም፣ የመለያ ቁጥርም የለውም። የልጅቷን የወራት ደመወዝ የሚያስመልስ ማስረጃ አልነበራቸውም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ፓነል ዋት፣ ቁመትና ወርድ፣ የመለያ ቁጥርና የዋስትናው ዘመን እንዲጻፍ አድርጉ። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሱቅ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።