የጢስ ዓባይ ውኃ ቀኑ ይታወቅ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ፥ መጻሕፍት ግዮን የሚሉት ወንዝ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል የሚወረወርበት፥ በክረምት ጉሙ ከሩቅ የሚታይ፥ ግርማው የፈጣሪን ጥበብ የሚመሰክር ሥፍራ ሆኖ ሳለ፥ በበጋ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ዕርቃኑን የቀረ ጥቁር ዐለትና በአንድ ጎን የምትወርድ ቀጭን ፈሳሽ ነው።

ምክንያቱ የዝናም ማነስ ብቻ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫና በ1993 የተጨመረው ሁለተኛው፥ በሚሠሩበት ጊዜ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው ይወስዳሉ፤ የጨራ ጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ይቆጣጠራል፤ ከ2002 ወዲህም 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታነጸው ጣና በለስ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። መብራት ለአገር እንደሚያስፈልግ እኔም አልክድም።

ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ከባሕር ተነሥቶ ሰቨርን በተባለው ወንዝ ሽቅብ የሚገሠግሠው ማዕበል፥ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚታዘዝ ሲሆን እንኳ፥ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ተሰልቶ ለሕዝብ የሚገለጥ ከሆነ፥ በሰው እጅ የሚከፈተውና የሚዘጋው የእኛ ውኃ የሚለቀቅበት ዕለት ለጎብኚው፥ ለጀልባ ቀዛፊውና ለአስጎብኚው ወጣት በየወሩ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ ይልቁንም በጥምቀት ሰሞንና በየእሑዱ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ወንዙ ወደ ጥንተ መንገዱ ይመለስ ዘንድ ሥልጣን ያላቸውን አጥብቄ እማልዳለሁ።