ማለፍና መውደቅ የሌለበት ፈተና

በባሕር ማዶ፥ ይልቁንም በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ለማብቃት የሚደክሙት ድካም ከማንም የተሰወረ አይደለም። አባት ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ፥ እናት በሆስፒታል ወይም በሱቅ ስትሠራ ውላ የሚያገኙት ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የተረፈው ሁሉ ለልጆች ትምህርት ይውላል። ከነዚህም ልጆች መካከል የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ «ሕግ ተምሬ ጠበቃ ልሆን እፈልጋለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ በተነገረ ጊዜ ቤቱ በደስታ ይመላል። ነገር ግን ወዲያው አንድ ያልተለመደ ስም ይሰማል፤ ይኸውም «ኤልሳት» የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። ወላጆች የፈተናውን ጠባይ ሳያውቁ ሊረዱ ቢነሡ፥ በቅን ልቡና የሚያደርጉት ርዳታ ለልጁ ሸክም ሊሆንበት ይችላል። አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉ፥ በዚህ ወር ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን ፈተና ሲባል ወደ አሳባችን የሚመጣው በአገራችን የነበረው የማትሪክ ፈተና ነው። በዚያ ጊዜ ተማሪው በትምህርት ቤት የተማረውን በቃሉ አጥንቶ ይቀርብ ነበር፤ ያለፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፥ የወደቀው ከቤቱ ይቀራል፤ የብዙ ሰውም ዕድል በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይቈረጥ ነበር። ስለዚህ ልጃችን ለኤልሳት ሲዘጋጅ ባየን ጊዜ ያው የጥንቱ ፍርሃት ይቀሰቀስብናል። ኤልሳት ግን ከዚያ ፈተና በሦስት ታላላቅ ነገሮች ይለያል።

መጀመሪያው፥ ፈተናው የሕግ ዕውቀትን አይጠይቅም። ከ1948 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረው፥ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው ሰው አንድን ጽሑፍ አንብቦ በትክክል ለመረዳትና የአንድን ክርክር ጥንካሬና ድካም ለመለየት መቻሉን ለመመዘን ነው። ዛሬ ፈተናው አራት ክፍሎች አሉት፤ ለእያንዳንዱም 35 ደቂቃ ይሰጠዋል። ነጥብ ከሚሰጥባቸው ሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ የክርክር መመርመሪያ፥ አንዱ ደግሞ የንባብ ክፍል ነው። አራተኛው ወደ ፊት ለሚዘጋጁ ፈተናዎች ጥያቄዎች የሚሞከሩበት ስለ ሆነ ነጥብ የለውም፤ ሆኖም የትኛው እንደ ሆነ ተፈታኙ ስለማይነገረው በሁሉም እኩል ሊተጋ ይገባዋል። ከዚህም ሌላ ለብቻው የሚጻፍ አንድ የክርክር ጽሑፍ አለ፤ ነጥብ ባይሰጠውም ለትምህርት ቤቶቹ ይላካል።

ቀድሞ «የሎጂክ ጨዋታ» እየተባለ የሚጠራ፥ ሰዎችንና ዕቃዎችን በልዩ ልዩ ደንብ በማሰለፍ የሚሠራ ክፍል ነበረ። ይህን ክፍል ለመሥራት ሥዕል እየሣሉ ማሰብ የሚጠቅም በመሆኑ፥ አንድ ዓይነ ስውር አመልካች በደል ደረሰብኝ ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩም በ2019 በስምምነት ካለቀ በኋላ ክፍሉ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቶአል። ስለዚህ የአጎት ወይም የጎረቤት ልጅ የተጠቀመበትን አሮጌ መጽሐፍ ለልጃችን የምናወርስ ከሆነ፥ ልጁ በቀረው ክፍል ላይ ጊዜውን እንዳያጠፋ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ልዩነት፥ በዚህ ፈተና ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ባለው ቍጥር ይነገራል። በአንደኛው ትምህርት ቤት የሚያስገባው ቍጥር በሌላው ላያስገባ ይችላል። ትምህርት ቤቶቹ የዲግሪውን ነጥብ፥ አመልካቹ ስለ ራሱ የጻፈውን፥ መምህራንና አሠሪዎች የሰጡትን ምስክርነት ከዚሁ ጋር አብረው ይመለከታሉ። ስለዚህ «ልጄ አለፈ ወይስ ወደቀ?» ማለት ለኤልሳት የማይስማማ ጥያቄ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ውጤት ልትገባበት ለምትፈልገው ትምህርት ቤት ይበቃልን?» የሚለው ነው።

ሦስተኛው፥ ፈተናው ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል። በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እስከ 5 ጊዜ፥ በዕድሜ ልክ ደግሞ እስከ 7 ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛውን ውጤት ቢያከብሩም ሌሎቹንም ውጤቶች ያያሉ። ስለዚህ ሳይዘጋጁ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መግባት አይመከርም፤ አንድ ቀን ሳይቀና ቢቀርም እንደ ሐዘን ቤት መቀመጥ አያስፈልግም።

ወላጆች ይህን በሚገባ ሊያውቁት የሚገባበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ እርሱም የገንዘብ ነገር ነው። የሕግ ትምህርት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ በብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የኤልሳትን ውጤትና የዲግሪውን ነጥብ አይተው ከዚህ ክፍያ ላይ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ጥቂት ነጥብ የሚጨምር የጥቂት ወራት ትዕግሥት፥ ወጣቱን ብዙ ዓመት ከሚከተል ዕዳ ሊያድነው ይችላል። «ዘንድሮ ካልገባህ» ብሎ ማቻኰል፥ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ለቤተ ሰቡ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አመልካቾችም የፈተናው አዘጋጅ የሆነው የሕግ ትምህርት ቤቶች ቅበላ ምክር ቤት የመፈተኛውን ዋጋ እንዲተውላቸው ለመጠየቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን ማመልከቻው ለፈተናው ከመመዝገብ አስቀድሞ መግባት አለበት።

እንግዲህ ዝግጅቱ እንዴት ነው? ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በፈተናው ዓይነት የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እንስጥ። «በአንድ ሰፈር መንገድ ላይ አምና አዲስ መብራት ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሌብነት ቀነሰ። ስለዚህ ሌብነቱን የቀነሰው መብራቱ ነው።» ጥያቄው «ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያደክመው የትኛው ነው?» ይላል። አንዱ መልስ «መብራቱ ብዙ ገንዘብ ፈጅቶአል» ቢል፥ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ክርክሩን አይነካውም። ሌላው «በመብራቱ ጊዜ የሌሊት ዘበኞች ቍጥር በእጥፍ ተጨምሮ ነበር» ቢል፥ የክርክሩን ሥር ይነቅለዋል፤ ሌብነቱን ያስቀሩት ዘበኞቹ ሊሆኑ ይችላሉና። በእውነተኛው ፈተና መልሶቹ አምስት ናቸው፤ ለአንድ ጥያቄም አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም።

ሌላም ተደጋግሞ የሚመጣ ወጥመድ አለ። «ዝናብ ከዘነበ ደጁ ይረጥባል። ደጁ ረጥቦአል። ስለዚህ ዝናብ ዘንቦአል» የሚለው ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን እመቤቲቱ የልብስ አጠባ ውሃ ደፍታ እንደ ሆነስ? ዝናብ ሁሉ ደጅን ቢያረጥብም፥ ደጅን የሚያረጥብ ሁሉ ዝናብ አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ምርመራ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዐት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱት ባለጉዳዮች የባላጋራቸውን ቃል እየሰነጠቁ፥ ያልተነገረውን እያወጡ፥ «ይህ ከዚያ አይከተልም» እያሉ ይረቱ ነበር። ሆኖም አንድ ልዩነት አለና ልብ ማለት ያሻል። ሰምና ወርቅ የለመደ አእምሮ ከተጻፈው ቃል ባሻገር የተሰወረ ምሥጢር መፈለግ ይወድዳል። ኤልሳት ግን አንባቢው ከራሱ ዕውቀት አንዳች ሳይጨምር፥ ከተጻፈው የሚከተለውን ብቻ እንዲይዝ ያስገድደዋል። የሚፈለገው የተሰወረ ነገር ቢኖር፥ ክርክሩ ያለ እርሱ የማይቆምበት ያልተነገረ አሳብ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እንዲህ ያለው ችሎታ በአንድ ሳምንት ሩጫ አይገኝም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የዘወትር ልምምድ ይፈልጋል። ተማሪው መጀመሪያ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ተወስኖ ሠርቶ መነሻውን ይወቅ። የቅበላው ምክር ቤት «ሎውሃብ» በሚባለው የኢንተርኔት ገጹ ላይ የልምምድ ፈተናዎችን በነፃ ስለሚሰጥ፥ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከዚያም ለጊዜው ሰዓቱን ትቶ እያንዳንዱን የጥያቄ ዓይነት በዝግታ ይመርምር፤ ሲጸናለት ወደ ሰዓቱ ይመለስ። የንባቡ ክፍል ከሕግ፥ ከኅብረተ ሰብ ጥናት፥ ከሥነ ጥበብና ከተፈጥሮ ሳይንስ የተውጣጡ ከባድ ጽሑፎችን ስለሚያቀርብ፥ በየቀኑ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይልመድ። በፈተናው ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ አንድም ጥያቄ ባዶ አይተው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የስሕተት መዝገብ ነው። ተማሪው አንድ ደብተር ይዞ፥ ለሳተው ጥያቄ ሁሉ ሦስት ነገር ይጻፍበት፦ የተሳሳተውን ለምን እንደ መረጠ፥ ያ መልስ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ፥ ትክክለኛውም ለምን ትክክል እንደ ሆነ። በግምት ያገኘውንም እንደ ሳተው ይቍጠረው። አንድ መቶ ጥያቄ ሠርቶ ወደ ኋላ ሳይመለከት ከሚያልፍ ይልቅ፥ ሃያ ሠርቶ የሃያውን ምክንያት የሚያውቅ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በባሕር ማዶ የሚያድግ ልጅ ብዙ ጊዜ የቤቱ አስተርጓሚ ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ እርሱ ያነብባል፥ ከሐኪም ጋር እርሱ ይነጋገራል፥ ታናናሾቹን እርሱ ያመላልሳል። በዝግጅቱ ወራት ይህን ሸክም ሌሎች ቢካፈሉለት ታላቅ ርዳታ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት እንግዳ የማይገባበት፥ ቴሌቪዥን የማይሰማበት ቦታ ይሰጠው። በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ ፈተና የሚለማመድበት ሦስት ሰዓት ይከበርለት፤ በዚያ ጊዜ «ና ቡና ደረሰ» ብሎ መጥራት እንኳ ይቅር። የፈተናው ቀን በጾም ወራት የሚውል ከሆነ፥ ስለ ምግቡና ስለ ጉልበቱ አስቀድሞ ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከር። የፈተናውን ቀን ለዘመድ አዝማድና ለማኅበርተኛ ሁሉ ከመንገር፥ ከእገሌ ልጅ ጋርም ከማነጻጸር መቈጠብ ይገባል፤ ወጣቱ በፈተናው ላይ የሚያስፈልገውን ጸጥታ ከሚሰርቁት ነገሮች አንዱ የብዙ ሰው ዓይን ነው።

«እኔ እንግሊዝኛውን በደንብ አላውቅ፥ በምን ልርዳው?» የሚል አባት ወይም እናት ቢኖር፥ ከሁሉ የሚሻለው ርዳታ በእጁ ነው። ማታ በገበታ ዙሪያ «ስንት አመጣህ?» ከማለት ይልቅ፥ «ልጄ፥ ዛሬ ከሳትከው አንዱን እስቲ በአማርኛ አስረዳኝ» ይበለው። ልጁ ክርክሩን በሌላ ቋንቋ፥ መጽሐፉን ላላየ ሰው ሲያስረዳ፥ ያልገባው ቦታ ራሱ ይገለጥለታል። ወላጁም «ይህ ከዚያ እንዴት ይከተላል?» እያለ ይጠይቀው፥ ይሟገተው። በእንዲህ ያለ ቤት ጥናቱ የአንድ ሰው ብቸኝነት መሆኑ ይቀራል፤ የወላጆቹ ቋንቋም ልጁ ትቶት የሚሄድ ሳይሆን አሳቡን የሚያጠራበት ይሆናል። ውጤቱ ሲመጣ ቍጥሩ ምንም ይሁን ምን፥ ሰምቶ ማመዛዘንንና አስቦ መናገርን የተማረ ልጅ በእጃችን አለ፤ ጠበቃ ቢሆን ለሚወክላቸው ሰዎች፥ ሌላ ሙያ ቢይዝም ለገዛ ቤቱ የሚበጀው ይህ ነው።