የምትገዙት ለሌላ ሰው እግር ነው

እናንት የዕድሜ እኩዮቼ፣ መሪ ይዘን አርጅተን አሁን መኪናውን ለልጅ ወይም ለቅጥር ሾፌር ሰጥተን ማታ ማታ ሒሳብ የምንቀበል ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ወጣቱን የሚመክር ሞልቷል፤ እኛን የሚቆጣ ግን ጠፍቷል። የፍሬን ዲስክና ሸራ የሚገዛው ሾፌሩ አይደለም፤ እኛ ነን። ቁልቁለቱን የሚወርደው ደግሞ እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኔው ሚኒባስ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርድ፣ አለም በር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፔዳሉ ወለል ነካ። የሚነዳው ልጅ አስተዋይ ነበርና ገደሉን ሸሽቶ መኪናውን ከተቆረጠው ተራራ ጋር እያፋተገ አቆመው። የሞተ የለም። አንዲት ለገበያ የወጣች እናት ግን ክንዷ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን የምታነሣው በግራ እጇ ነው።

ስደርስ ጎማው ተፈትቶ ነበር። ዲስኩን አየሁት። ፊቱ በሰማያዊ ጠቃጠቆ ተለብጧል፤ ከመሃል ወደ ዳር ፀጉር ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ሄደውበታል። ዲስኩ እምብርት ላይ አምራቹ የቀረጸው ቁጥር አለ፤ ከዚህ በታች ከሳሳ ጣሉት የሚል ነው። የኔው 26 ሚሊ ሜትር ይላል። መካኒኩ ሲለካው 23 እንኳ በቅጡ አልሞላም። ያሳሳሁት እኔ ነኝ። ልጁ «ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጥብኛል» ባለኝ ቁጥር «ቶርኖ ቤት አስገባው» እያልኩ ሁለት ጊዜ አስላጨሁት። አዲሱ 28 ሚሊ ነበር። ከአዲስነት እስከ መጣያ ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ብቻ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ስነዳ ልብ ብዬው አላውቅም።

ሁለት ሚሊ ምን አላት እንዳትሉ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ወረታ 1,800 ገደማ። ሰው የሞላው ሦስት ቶን መኪና ያን 900 ሜትር ወርዶ ሲያበቃ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ሙቀት ላይ ሞተሩና ነፋሱ ድርሻቸውን ካልወሰዱ የሚሸከሙት ዲስኮቹ ናቸው፤ አብዛኛውን ደግሞ የፊቶቹ ሁለቱ። የሳሳ ዲስክ ትንሽ ድስት ማለት ነው፤ ቶሎ ይግላል። ግለቱ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዘይቱ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል የሚነካው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ዲስክና ሸራ ለውጣችሁ ዓመታት ያስቆጠረውን ዘይት እንዳለ የምትተዉ ሰዎች ሥራውን ግማሽ ላይ ነው ያቆማችሁት። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

አገራችን ደግሞ የራሷ አመል አላት። ሰርቮ የምንለው፣ እግራችንን የሚያግዘው ድስት መሳይ ቆርቆሮ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወደ ጉና ግርጌ፣ ወደ ንፋስ መውጫ ሲወጡ ይብስበታል። ቆላ ላይ በቀላሉ የያዘ ፍሬን እዚህ ጠንከር ያለ እግር ይፈልጋል። ስስ አየር ዲስክ የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን ሾፌሮቻችንን ያስተማርናቸው ክፉ ልማድ አለ፤ በዜሮ ማርሽ መውረድ፣ አንዳንዱም ሞተር አጥፍቶ። ሞተር ሲጠፋ ሰርቮው ሁለት ሦስት እርግጫ ያህል ያግዝና ያልቃል። በዜሮ ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ መያዙን ትቶ ሸክሙ በሙሉ ዲስኩ ላይ ይወድቃል። ይህን ከማን ተማሩት? ከእኛ አይደለም እንዴ?

ከመውጣት ይልቅ መውረድ እንደሚከብድ ከድሮም የታወቀ ነው። አጼ ቴዎድሮስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሱት በሰው ጉልበት ነው። ስለ ዳገቱ ሁሉም ያወራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ያን የሚያህል ብረት ወደ በሽሎ ሲወርድ ሳቢው ሁሉ ዞሮ ያዥ መሆን ነበረበት መቼም።

አሁን ዲስክና ሸራ ወደምንገዛበት ሱቅ እንሂድ። ሻጩ ካርቶኑን እያሳየ «ኦርጅናል ነው» ይላችኋል። ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ያዙ። ቁመቱን፣ ውፍረቱን፣ የቡሎን ቀዳዳውን አስተያዩ። የፊቱ ዲስክ በሁለት ገበታ መካከል የንፋስ መውጫ ካለው፣ ገበታዎቹ እኩል መወፈራቸውን በዓይን እዩ። ሚዛን ካገኛችሁም አስመዝኑት፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ከብረቱ ተቀንሶ ነው። የተበሳሳውንና የተቦረቦረውን ለጌጥ የሚገዙት አሉ፤ ለከተማ ቪትዝ ይሁን፣ ቀዳዳው የስንጥቅ መነሻ ስለሆነ ለጭነትና ለቁልቁለት አልመክረውም። ስትለውጡ ግራና ቀኙን አንድ ላይ። አንዱን ብቻ የለወጠ ሰው መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲስብበት ጎማ አሰላለፍ ይወቅሳል።

ሸራው ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ከተጻፉት መካከል ሁለት ፊደል ተጎራብተው ታገኛላችሁ፤ «ኤፍ ኤፍ»፣ «ጂ ጂ»፣ «ኢ ኢ» የመሰሉ። የመጀመሪያው መጠነኛ ሙቀት ላይ፣ ሁለተኛው በጣም ሲግል ስንት እንደሚይዝ ይናገራል። ለእኛ መንገድ ዋናው ሁለተኛው ነው፤ ከ«ኤፍ» ያነሰ አትግዙ። ፊደሉን መቅረጽ ለፎርጅድ ሠሪውም ስለማይከብደው፣ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ በጥፍር ፈትሹት፤ ከተላጠ መልሱት። አዲሱን ዲስክ ከመግጠማችሁ በፊት የተቀባውን መከላከያ ዘይት በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ከገጠማችሁ በኋላ ሜዳ ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ፣ ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያላችሁ፣ ሳትቆሙ ያዝ ለቀቅ አድርጉት፤ ሸራና ዲስክ ሳይለማመዱ ጭኖ ቁልቁለት መግባት የለም።

ያን የተሰነጠቀ ዲስክ ጋራዡ በር ላይ ጥዬው ነበር። በሳምንቱ አንድ ወዳጄ፣ እንደኔው ሁለት መኪና ያለው፣ በእጁ እያገላበጠው «ይሄ ቶርኖ ቢገባ አይሠራም?» አለኝ። ቃል ሳልመልስለት ትልቁን መዶሻ አምጥቼ ከሁለት ከፈልኩት።