የተዘለሉት የሞቢል ልጆች

የአሜሪካ ደቡብ ሮክ በተነሳ ቁጥር ቀድመው የሚጠሩት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ኦልማን ብራዘርስ እና ሊነርድ ስኪነርድ። ሲያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም። በእነሱው ዘመን የተጫወተ፣ ዛሬ ግን ከያኔ አድናቂዎቹ በቀር እምብዛም የሚያነሳው ያጣ ሌላ ባንድ አለ። ዌት ዊሊ ይባላል። አድናቂዎቹ ባንዳችን ያለ አግባብ ተረሳ ሲሉ እውነት አላቸው ባይ ነኝ።

ልጆቹ የአላባማዋ የወደብ ከተማ የሞቢል ልጆች ናቸው። ጂሚ ሆል ይዘፍናል፤ ሃርሞኒካና ሳክስፎንም ይነፋል። ወንድሙ ጃክ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ እህታቸው ዶና ከተቀባዮቹ ጋር ትቆማለች። ሸክላቸውን ያሳተመላቸው በጆርጂያዋ ሜከን ከተማ የነበረው ካፕሪኮርን ነው፤ የኦልማኖቹም አሳታሚ እሱ ነበር። ከካፕሪኮርን መሥራቾች አንዱ ፊል ዋልደን ቀደም ሲል የሶል ሙዚቃ ዘፋኙ የኦቲስ ሬዲንግ ማናጀር ነበር። ሜከን ሊትል ሪቻርድ የተወለደባት፣ ጄምስ ብራውንም «ፕሊዝ፣ ፕሊዝ፣ ፕሊዝ»ን መጀመሪያ ለሙከራ የቀዳባት ከተማ ናት። ዌት ዊሊዎች የጠጡት ከዚህ ምንጭ ነው። ሌሎቹ ጊታር ከጊታር እያፎካከሩ አንዱን ዘፈን ሲያስረዝሙት፣ እነሱ የሶል ሙዚቃውን አጥብቀው ያዙ።

«ኪፕ ኦን ስማይሊን»ን የሰማ ይህ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ወጥቶ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 10ኛ የደረሰ፣ የባንዱ ትልቁ ዘፈን ነው። ምቱ ወደ ሬጌ ያዘነብላል፤ አይቸኩልም። ጂሚ ያጽናናል እንጂ አይሰብክም። ሴቶቹ ከኋላ ይቀበሉታል። ከዚያ ሃርሞኒካው ይገባና በቃል ያልተባለውን ይለዋል። በሌላ የደቡብ ባንድ እጅ ቢሆን ያ ቦታ የጊታር ነበር።

ባንዱን በአካል ያዩት ግን የሚያነሱት መድረኩን ነው። በ1973 የወጣው የመድረክ አልበማቸው «ድሪፒን ዌት» የተቀዳው በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ዌርሃውስ በተባለው አዳራሽ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ቁጥብ የነበረው የጂሚ ድምፅ እዚህ ይለቀቃል፤ ይጮሃል፣ ይለምናል፣ ሕዝቡን ያስነሳል። ከደቡብ ሮክ የመድረክ ቅጂዎች ሁሉ ይህን የሚያስከነዳ አልሰማሁም።

ታዲያ ለምን ተዘለሉ? አንደኛው ምክንያት ለመናገር ይከብዳል። ከኦልማን ብራዘርስ አባላት ዱዌን ኦልማን በ1971፣ ቤሪ ኦክሊ በዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞቱ። በ1977 የስኪነርድ አውሮፕላን ተከሰከሰ። ሐዘኑ ከሙዚቃው ጋር ተዋህዶ ስማቸውን አገነነው። ዌት ዊሊ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም፤ ይህ ለልጆቹ እድል ነው፣ ለዝናቸው ግን አልጠቀመም። ሁለተኛው፣ የደቡብ ሮክ ማለት የጊታር ሙዚቃ ነው የሚለው ልማድ ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ሃርሞኒካና ተቀባዮች ያሉት የሶል ባንድ ሁሌም ይቀልላል። ሚዛኑ ነው የተሳሳተው።

ለእኛ ጆሮ ይህ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የዘፈኑት እነ ዓለማየሁ እሸቴ ጄምስ ብራውንን ይሰሙ ነበር። የዓለማየሁን ድምፅ የወደደ ሰው ጂሚ ሆልን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም።

ጂሚ ዛሬም አልተወም፤ በ2022 እንኳን አዲስ አልበም አውጥቷል። ካፕሪኮርን በ1979 ቢከሥርም፣ ስቱዲዮው በመርሰር ዩኒቨርሲቲ ታድሶ በ2019 ዳግም ተከፍቷል። አትላንታ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ሜከን ከእናንተ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ወረድ በሉና እዩት። መኪና ውስጥም «ድሪፒን ዌት»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት።