ገዝቶ መቸገር

እናንተ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወዳጆቼ፤ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በቀደም አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚህ ቦንጋ በካፊኖኖ ያቀናበረውን ዘፈን ሊያሰማኝ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ዝናቡ ግን ኢንተርኔቱን አጥፍቶት ኖሮ፣ ፕሮግራሙ «ባለቤትነትህን አረጋግጥ» ብሎ በሩን ዘጋበት። ልጁ በገንዘቡ የገዛው ነበር። «የተሰረቀውን ከሚጠቀሙት ጓደኞቼ እኔ በምን ተሻልሁ?» አለኝ።

ጥያቄው እውነት አለው። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ድርሰትንም የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም የአእምሮ ሥራ ብሎ ይቈጥራል። ዘፈኑ ሲገለበጥበት «ሌባ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው፣ እርሱ ራሱ የሌላውን ድካም በነጻ ወስዶ ቢያቀናብር ምን መልስ ይኖረዋል?

እንግዲህ የሚበጀው ሳይገዙ መጠየቅ ነው። ቍልፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ኩቤዝ ለብዙ ዘመን በዩኤስቢ የሚሰካ ቍልፍ ይሻ ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ወደ ኢንተርኔት ማረጋገጫ ዞሯል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የመክፈቻውን ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣትን ይፈቅዳል። ሪፐር ለ60 ቀን ያለ ክፍያ ያስሞክራል፤ ከተገዛም በኋላ የፈቃድ ፋይሉ ይበቃዋል። ኤል ኤም ኤም ኤስ ደግሞ ከነጭራሹ በነጻ የሚታደል ነው።

ሻጭ ሌባን መከልከሉ መብቱ ነው፤ ገዢም በገዛው ቤት መግባቱ መብቱ ነው። ይህን የሚጠይቅ ግን የከፈለ ሰው ብቻ ነው፤ ለልጁም የመለስሁለት ይህንኑ ነው።

ያን ማታ ዘፈኑን በአፉ አንጐራጐረልኝ። ለዚያስ ፈቃድ የጠየቀው አልነበረም።